ያልሰከረ ምስክር

መርሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለአሚር፣ ጅቡቲ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፤ ከሙቀቱም ከባሕሩም ይጠብቅህ። ባትወልድህም ልጄ የምትልህ ባለቤቴ ቶይባ፣ ልጃችን ሀስና፣ የልጄ የሚስባህ ሚስት ኢብቲሳም ሰላም ብለውሃል። ብርቱካኑ ዘንድሮ ደህና ይዟል። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልጽፍልህም።

ስልክ ትቼ ወረቀት የያዝኩት ወድጄ አይደለም። ኔትወርኩ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሳምንት ይጠፋል። ሲመጣም ኢብቲሳም ከአጠገቤ አትርቅም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከጓዳ እየሮጠች ትወጣለች። እሷ እየሰማች የሚወራ ነገር አይደለም። ስለዚህ ደብዳቤውን ለጌትነት እሰጠዋለሁ። ያ የወልድያው የከባድ መኪና ሹፌር፣ ወሬ ሲጀምር መሪውን የሚረሳው፤ ከወደብ ማዳበሪያ ስለሚጭን በየጊዜው እናንተ ጋ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሚስባህ ሰኔ ላይ «ሳዑዲ ስደርስ እደውላለሁ» ብሎ ወጣ። ከተጋቡ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። በቀደም አብሮት የሄደው የውርጌሳው ልጅ ዓሪፍ ተመልሶ መጣ። ከኦቦክ ወደብ በሌሊት የተነሳችው ጀልባ ብዙ ሳትርቅ ድንጋይ መትታ ተገልብጣለች። ዓሪፍ ዋኝቶ ወጣ። ስለ ሚስባህ ስጠይቀው፣ «የጀልባዋን ጠርዝ እንደያዘ አየሁት። ሲሰምጥ አላየሁም፤ ሲወጣም አላየሁም» አለኝ። ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ ያችኑ ነው የሚመልስልኝ።

እዚህ ያለነው እንዲህ ሆነናል። ጎረቤት ሊያጽናናን ይመጣና በር ላይ ሲደርስ ምን ዱዓ እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል። «አላህ ይዘንለት» ካለ ኢብቲሳም ጮሃ ትነሳበታለች። «አላህ በሰላም ይመልሰው» ካለ ቶይባ እንባዋ አይቆምም። እናም ሰው መምጣቱን ተወው። የመስጊዳችን ኢማም ሼህ ሙሐመድዘይን፣ «መሞቱን ያየ ምስክር ከተገኘ ሶላቱን እንሰግድለታለን፤ እሷም ዒዳዋን ትቀመጣለች፣ ባሏ የሞተባት ሴት እንደምትቀመጠው» አሉ። ኢብቲሳምም በራሷ አፍ፣ «በዓይኑ ያየ ሰው ይምጣ፣ እቀመጣለሁ። ያለዚያ ባሌን እጠብቃለሁ» ብላለች። ጠዋት ትወጣና መርሳ መናኸሪያ ቆማ ከመኪና የሚወርደውን ሰው ሁሉ ስታይ ትውላለች።

አንተ ባሕር ውስጥ የምትገባ ሰው ነህ። ጀልባዋ የሰመጠችው ከባሕሩ ዳር ብዙ ሳትርቅ ነው ይላል ዓሪፍ። ውረድልኝ። ልጄን አውጣልኝ። አጥንቱም ቢሆን አምጣውና ከአያቶቹ ጎን ላኑረው።

አጎትህ አብዱልሐሊም


ጅቡቲ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ አብዱልሐሊም፣ መርሳ

ወዓለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ። አላህ የአንቱንም የእናቴ ቶይባንም ልብ ያጽናው። መልሴ የዘገየው ጌትነት ሚሌ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት ስለሰነበተ ነው። ደብዳቤዎን የአየር መጭመቂያው ሞተር ሥር ተቀምጬ አነበብኩት። ሞተሩ ስለሚጮህ ማልቀሴን ማንም አልሰማም።

ሚስባህ በዚህ ከተማ አልፎ ሳይደውልልኝ መሄዱ ያንገበግበኛል። እንዳልመልሰው ፈርቶ ነው። እመልሰውም ነበር፤ እግሩን አስሬ።

ሥራዬን በደንብ ነግሬዎት አላውቅም። እዚህ ከየአገሩ የሚመጡ ቱሪስቶች ዓሣና ድንጋይ ለማየት ባሕር ውስጥ ይወርዳሉ። ጀርባቸው ላይ ሲሊንደር ያዝላሉ፤ እኔ እሱን የምሞላ ነኝ። ሁለት ዓይነት አለን። አንደኛው ተራ አየር ነው፤ አንቱ አሁን ብርቱካኑ ሥር ሆነው የሚተነፍሱት፣ ተጨምቆ የገባ። ሁለተኛው ናይትሮክስ የሚባለው ነው፤ ኦክስጅን ተጨምሮበታል። ተራው አየር ከመቶ እጅ ሃያ አንዱ ኦክስጅን ነው፤ የኛው ናይትሮክስ ሠላሳ ሁለት። ታች ረዘም አድርጎ ስለሚያቆይ እንግዶች ይወዱታል፣ ከፍ ያለም ይከፍሉበታል። እኔም የመጥለቅ ትምህርቱን ተምሬ ወረቀት ስላለኝ አንዳንዴ እያጀብኳቸው እወርዳለሁ። ለመዝናኛ የሚወርድ ሰው ግን ወለሉ አርባ ሜትር ነው፤ ከዚያ በታች አይፈቀድለትም።

ጀልባዋን ዓሣ አጥማጆች ያውቋታል፤ መረባቸውን ትይዝባቸዋለች። አፍንጫዋ ሠላሳ ስምንት ሜትር ላይ ነው አሉኝ፤ ኋላዋ ከባሕሩ ሥር ወዳለ ገደል ይወርዳል።

አጎቴ፣ ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ባሕር ሰውን ይህን ያህል ጊዜ አያስቀምጥም። አካሉን አመጣለሁ ብዬ ቃል ብገባ እዋሽዎታለሁ። መውረድ ግን እችላለሁ። የመጥለቅ አስተማሪያችን አማን የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ስነግረው መጀመሪያ «ይሄ ሽርሽር አይደለም፣ ተው» ብሎኝ ነበር። ማታ ላይ መጥቶ «ብቻህን አትወርድም፣ አብሬህ አለሁ» አለኝ። አሁን የቀረን የትኛውን አየር ይዘን እንውረድ የሚለው ነው። እሱ ላይ እየተከራከርን ነው።

ለኢብቲሳም ምን እንደሚሏት አላውቅም። ብቻ ሰላም በሉልኝ።

አሚር


መርሳ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአሚር

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፤ ስለ ሚስባህ የጻፍከውን ካነበብኩ በኋላ ለአንተ የማደርገው ዱዓ በዝቷል።

አካሉን ማምጣት አልችልም ያልከውን ተቀበልኩ። አልሐምዱሊላህ ለማለት ሦስት ቀን ፈጀብኝ እንጂ ተቀበልኩ። እንግዲያው ምልክት ብቻ እይልኝ። ሲወጣ አረንጓዴ ጃኬት ለብሶ ነበር። ሁለተኛው ቁልፍ ነጭ ነው፤ የራሱ ጠፍቶበት ቶይባ ከኔ ሸሚዝ ነቅላ የተከለችለት። እሱን አየሁ በለኝ፣ ይበቃኛል።

የትኛውን አየር እንያዝ ማለትህ ግን ገረመኝ። አንተ የጉድጓድ ቆፋሪ ልጅ አይደለህም እንዴ? አባትህ፣ አላህ ይዘንለትና፣ መጀመሪያ በገመድ ኩራዝ ሳያወርድ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አያስገባም ነበር። ኩራዙ ከጠፋ አየሩ ከሳ ማለት ነው፤ ያን ቀን ሥራ የለም። ጉድጓድ በጠለቀ ቁጥር አየሩ እየከሳ ይሄዳል። ያ የላይኛው ማሳ ባለቤት የውኃ ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጦ አስነስቶ የወደቀው፣ እሱን ሊያወጣ የወረደው ወንድሙም እዚያው የቀረው አየር አጥተው አይደለም? ቶይባስ በኮሮናው ጊዜ ወልድያ ሐኪም ቤት ተኝታ ከንፈሯ ጠቁሮ ኦክስጅኑ ሲገባላት ነው ዓይኗን የገለጠችው። ቆሜ አይቻለሁ።

ስለዚህ ኦክስጅኑ የበዛበትን ያዝ። ሙሉ ኦክስጅን ካለም እሱን ያዝ። ይህን እንደ አባትህ ሆኜ ነው የማዝህ። ቆጥበህ በተራው አየር እንዳትወርድብኝ።

ኢብቲሳም ከስታለች። ከመናኸሪያ ስትመለስ ሕፃናት «መጣ እንዴ?» እያሉ ይከተሏታል። ድንጋይ ይዤ አባረርኳቸው፤ በዚህ ዕድሜዬ።

አጎትህ


ጅቡቲ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፣ በአባቴ ቦታ ለቆሙልኝ

ወዓለይኩም ሰላም። ከልጅነቴ ጀምሮ ትእዛዝዎን አፍርሼ አላውቅም፤ አሁን አፍርሻለሁ፤ አውፍ በሉኝ። ኦክስጅን የበዛበትን አልያዝኩም። ይዤው ቢሆን ይህን የሚጽፍልዎ አማን ነበር።

ነገሩ ከጉድጓድ ጋር የተገላቢጦሽ ነው። በወረድን ቁጥር ውኃው ይጫነናል፤ የምንስበው አየርም አብሮ ይጨመቃል። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ እላይ ከምንስበው ብዙ እጥፍ ወደ ውስጣችን ይገባል። ኦክስጅን እንዲህ ሲበዛ መርዝ ይሆናል። ያ ሠላሳ ሁለት ኦክስጅን ያለበት ናይትሮክስ እስከ ሠላሳ ሦስት ሜትር ገደማ ደግ ነው። ከዚያ ሲያልፉ ሰውን እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፈዋል። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት እንኳ አያሳይም። መተንፈሻው ከአፍ ይወድቃል፤ በቃ። ያው እናቴ ቶይባን ያዳነው ኦክስጅን እዚያ ታች ይገድላል። ስለዚህ ተራውን አየር አዝለን ወረድን።

ተራው አየርም የራሱ ጣጣ አለው። ከኦክስጅኑ የተረፈው አብዛኛው ናይትሮጂን ነው። ከሠላሳ ሜትር በታች እሱ ጭንቅላት ላይ ይወጣና ያሰክራል። ዕድሜ ልኬን ጠላ እንኳ አልቀመስኩም፤ ስካርን ያወቅሁት ባሕር ውስጥ ነው። መጀመሪያ ደስ ይላል። ፍርሃቱ ይጠፋል፣ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል።

ጀልባዋን አገኘናት። በጎኗ ተኝታለች፤ መረብ ተጠምጥሞባታል። የሰው ጫማ አሸዋው ላይ ተበትኗል። ወደ ውስጥ ባትሪ አበራሁ። አጎቴ፣ ሚስባህን አየሁት። የመቀመጫው አግዳሚ ሥር ተቀምጦ ነበር። አረንጓዴው ጃኬት ነው። ፊቱ ፊቱ ነው፣ ያው የሚስባህ ፊት። ሳቀልኝና «አብሽር አሚር፣ አይዞህ» አለኝ፤ በጆሮዬ ሰማሁት። አየር ያስፈልገዋል ብዬ መተንፈሻውን ከአፌ አውጥቼ ዘረጋሁለት።

አማን አንገቴን ይዞ መልሶ አፌ ውስጥ ጨመረው። እየጎተተ አወጣኝ። ከፍ ስንል ስካሩ እንደ ጉም ለቀቀኝ። ጀልባችን ላይ ወጥተን «አየኸው?» አልኩት። «መረብ አየሁ፣ ጫማ አየሁ፤ ሰው አላየሁም» አለኝ። ውኃ ሥር ሰው እንደማይናገር እኔም አውቃለሁ። ግን ጃኬቱ ነበር። ወይም የነበረ መሰለኝ። አየሁ ልበል ወይስ አላየሁም ልበል፣ ለራሴም አልተመለሰልኝም። ያየሁትን ከነስካሩ ጻፍኩልዎት፤ እናንተ ፍረዱ።

አማን አንድ ሌላ መንገድ አለ ይላል። ሠላሳ ሁለቱን ከተራው አየር ጋር ደባልቆ ኦክስጅኑን ከመቶ ሃያ ስምንት ላይ ማድረስ። ያ ለአርባ ሜትር ልክ ነው፤ ናይትሮጂኑም ትንሽ ይቀንሳል። ግን «ስካሩ ይቀራል ብዬ አልምልልህም» አለኝ። ደግሞም ልኩ ጫፍ ላይ ነው፤ ጀልባዋን ተከትለን ወደ ገደሉ ወረድ ካልን ኦክስጅኑ ይመርዘናል። የሱቁ ባለቤትም በእጅ መደባለቅ አይፈቅድም። እንዲሁ አልኩዎት እንጂ እናደርገዋለን ማለቴ አይደለም።

አሚር


መርሳ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአሚር

አሰላሙ ዓለይኩም። ጌትነት ደብዳቤህን እንዳደረሰኝ እግሬን ነቅዬ ሼህ ሙሐመድዘይን ቤት ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«የሰከረ ሰው ምስክርነት አይያዝም» አሉኝ።

«ጠጥቶ እኮ አይደለም፣ ያ ሼህ! ባሕሩ ነው ያሰከረው። ወንጀል አለበት እንዴ?»

«ወንጀልስ የለበትም፤ ይልቅ ምንዳ አለው። ግን አብዱልሐሊም፣ ያየውን አያውቅም። ራሱ እኮ አላውቅም ብሏል። በዚህ ወረቀት እንዴት ብዬ የሰው ሚስት ላስቀምጥ?»

እንባቸውን እየጠረጉ ነው ይህን ያሉኝ። ልጣላቸው ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም።

ቤት ስገባ ኢብቲሳም ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና አነበበችው። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «መተንፈሻውን ሲዘረጋለት ሚስባህ እጁን ሰነዘረ ወይ?» አለችኝ። እጁን ከሰነዘረ በሕይወት አለ ማለት ነዋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ብትቀምስ በግድ ነው። ሀስና ደግሞ ትናንት በጆሮዬ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ኢብቲሳም ሐራ ከተማ ካለ ደላላ ጋር ተነጋግራለች። ባሏን ራሷ ልትፈልገው፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ባሕር።

አሚር፣ የምጠይቅህን አውቃለሁ። አላወቅሁም ብዬ አልሸፍንም። ያን ሃያ ስምንት ያልከውን ደባልቅና እንደገና ውረድ። ሳትሰክር እይ። አለ ወይም የለም በለኝ፤ ልብህ ተረጋግቶ። ያልሰከረ ምስክር አምጣልኝ፤ ይህች ልጅ ከእጄ ሳታመልጥ።

አጎትህ


መርሳ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአሚር

አትውረድ። የባለፈውን ደብዳቤ ለጌትነት ከሰጠሁ ጀምሮ ልቤ እንደተሰቀለ ነው። ጌትነት ጋ ሮጬ ወልድያ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ወጥቷል። ይህን ሌላ ሹፌር ያመጣልሃል፤ መንገዱ ይዘጋጋል ይላሉ፣ ቶሎ እንዲደርስህ አላህን እለምናለሁ። ቶይባ የጻፍኩትን ስትሰማ ምድር አልበቃትም። የምትለውን ሀስና እንድትጽፍላት ወረቀቱን ለቅቄላቸዋለሁ።

«አሚር ልጄ፣ እኔ ነኝ ቶይባ። ይህ ሰውዬ ሐዘን አእምሮውን አሳተው። አንዱ ልጄ ባሕር ገባ፤ ሁለተኛውን ማን ስጥ አለው? ባሕሩ ምን ያህል ልጅ ሲበላ ነው የሚጠግበው? እንዳትወርድ። በወተቴ ባላሳድግህም በጀርባዬ አዝዬሃለሁ፤ በዚያ ይዤሃለሁ፣ እንዳትወርድ።»

ደብዳቤው ሲደርስህ አንድ ቃል ላክ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

አጎትህ


ጅቡቲ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴና ለእናቴ ቶይባ

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ረመዷን ሙባረክ። አለሁ። ከሁሉ በፊት እሱን ልንገራችሁ፤ አለሁ።

«አትውረድ» የሚለው ደብዳቤ የደረሰኝ ወርጄ ከወጣሁ በኋላ ነው። ረመዷን ሊገባ ሲል ነበር የወረድነው።

ባለቤቱ ከተማ በወጣበት ቀን እኔና አማን ደባለቅን። ሁለት ሲሊንደር ውስጥ ከሠላሳ ሁለቱ አስገብተን ከላይ ተራውን አየር ሞላንበት፤ አሳድረን ለካነው። በእኛ ሥራ ሌላው የለካውን ማንም አይተነፍስም። አማን የራሱን ለካ፣ እኔ የራሴን፤ ሃያ ስምንት ነው። ከአርባ ሜትር በታች አንድ ክንድ እንኳ እንዳንወርድ ተማማልን። እጄን ከእጁ ጋር በገመድ አሰርነው።

ጭንቅላቴ ንጹሕ ነበር ብል ትንሽ ማጋነን ይሆናል፤ ዳር ዳሩን ጉም ነገር አለው። ግን ስሜን አውቃለሁ፣ የት እንዳለሁ አውቃለሁ፣ የመጣሁበትን አውቃለሁ። ያቺኑ አግዳሚ አገኘኋት። ሥሯ አረንጓዴ ነገር አለ። ተጠግቼ በእጄ ነካሁት፤ መረብ ነው። የዓሣ አጥማጅ መረብ። ቁልፍ የለው፣ እጅጌ የለው። ከሥሩ ባዶ ነው። በሚታየኝ ሁሉ ፈለግሁ። የሴት ቦርሳ አለ፣ የውኃ ጀሪካን አለ፣ የሰው አጥንትም አለ፤ የማን እንደሆነ ግን እሱ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው። የጀልባዋ ኋላ ገደሉ ውስጥ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ልኩን ማለፍ ነበረብን። ቆሜ አየሁት። መውረድ አምሮኝ ነበር። አማን ገመዱን ሳበኝ።

አጎቴ፣ ሰክሬ ወዲያው ያገኘሁትን ሰው ሳልሰክር ፈልጌ አጣሁት። ሞቶ አላየሁትም፤ በሕይወትም አላየሁትም። እንደ ዓሪፍ ሆንኩ። ምስክር አምጣ ብለውኝ ነበር፤ ምስክርነቴ ይኸው ነው፣ ምንም።

አማን ሁለተኛ አልወርድም ብሏል። ጆሮው ደም አውጥቶበታል፤ አላስቸግረውም። ብቻዬን እንድወርድ ካዘዙኝ ግን እወርዳለሁ።

አሚር


መርሳ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአሚር ብቻ

ይህን ደብዳቤ ለሌላ ሰው አታንብበው፤ ለአማንም። ቶይባም ሀስናም መጻፌን አያውቁም፤ ብርቱካን ማሳው ውስጥ ተደብቄ ነው የምጽፈው። ብቻህን አትወርድም፤ ዳግመኛ እንዳታነሳብኝ።

ኢብቲሳም ሄዳ ነበር። ሳይነጋ ሱሑር በልታ፣ ከኛ ጋር የንጋቱን ፈጅር ሰግዳ፣ ወደ መናኸሪያ ወጣች ብለን ስንጠብቅ ቀረች። ሐራ ድረስ ሮጥኩ፤ ደላላው አላየኋትም አለ። ከሌሎች ልጆች ጋር ሚሌ መንገድ ዳር ግራር ሥር ተኝታ ያገኛት ጌትነት ነው፤ እንዲያው በአጋጣሚ ሻይ ሊጠጣ ቆሞ። «እንቢ ስትለኝ ተሸክሜ ጋቢና ውስጥ ከተትኳት፤ መንገዱን ሙሉ ስትነክሰኝ መጣች» አለኝ። ክንዱን አሳየኝ። ሰው ክርስቲያን ሆነ እስላም፣ አላህ ውለታውን ይክፈለው። «አባ፣ ሁሌ እኔ አላገኛትም» ብሎኝ ነው የሄደው።

አሁን ሀስና አጠገቧ ትተኛለች። እስከ መቼ? ቁጭ ብዬ አናገርኳት። «ልጄ፣ ምን ብናደርግልሽ ነው የምትቀመጪው?» አልኳት። «አሚር አየሁት ይበለኝ። ሳልሰክር አየሁት ይበለኝ። ሌላ ሰው አላምንም» አለችኝ።

የካቲት ላይ የላክኸውን ደብዳቤ ለማንም አላሳየሁም። ቶይባን አለሁ ብሏል አልኳት፤ ሌላውን አላነበብኩላትም።

አየሁት ያልክበትን የጥር ደብዳቤህን፣ ሁለተኛ ወርደህ እንዳየኸው አድርገህ እንደገና ጻፈው። ስካሩን አውጣው። አረንጓዴውን ጃኬት አስገባ፣ ነጩን ቁልፍም አስገባ።

የሐሰት ምስክርነት ምን ያህል ከባድ ወንጀል እንደሆነ አንተን በአለንጋ እየገረፍኩ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። በረመዷን፣ በጾም አፌ ይህን እጠይቅሃለሁ። ወንጀሉ በአንተ ላይ የለም፤ አላህ ፊት ስንቆም «እኔ ነኝ ያዘዝኩት» እላለሁ። አንዱን ልጅ ባሕር ወስዶታል፤ አንተን ከአፉ መልሶልኛል። እሷን አልሰጠውም። እለምንሃለሁ፤ ለምኜህ አላውቅም፣ ዛሬ እለምንሃለሁ።

አብዱልሐሊም


ጅቡቲ፣ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ብቻ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጾማችንን አላህ ይቀበለን፤ ከተቀበለን።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። ይህኛውን አንብበው ያቃጥሉት። ሌላኛውን ለሼህ ሙሐመድዘይን ይስጡና ኢብቲሳም ፊት ያንብቡት። እንዳይደነግጡ የሚለውን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ «እኔ አሚር፣ ሳልሰክር፣ ልቤ ተረጋግቶ፣ የአጎቴን ልጅ ሚስባህን በባሕር ውስጥ ሞቶ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አረንጓዴ ጃኬቱን ለብሶ፣ ነጩ ቁልፍ ተቆልፎ ነበር። በቀኝ ጎኑ ተኝቷል፤ ፊቱ ወደ ቂብላ ነው» ይላል።

የመጨረሻዋን ነገር አንቱ አላዘዙኝም። እሷን የጨመርኳት ለእናቴ ቶይባ ነው። በሥርዓት ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አዙሮ የቀበረው ሰው እንዳልነበረ እያሰበች እንዳትኖር።

ወንጀሉ በእኔ ላይ ነው ብለዋል። አይሆንም። ብዕሩን የያዘው እጄ ነው፤ እኩል እንካፈላለን። ስጽፍ አንድ ቃል አልሰረዝኩም፤ ይህ ራሱ አስፈራኝ።

ወረቀቱ ሲነበብ ኢብቲሳም ትጮሃለች። ትጩህ፣ አትያዟት። ከዚያ ዒዳዋን ትቀመጣለች፤ ስትጨርስ ወጣት ናት፣ አላህ ያወቀላትን ታገኛለች። ጎረቤት ይመጣል። ቶይባ አልቅሳ ይወጣላታል። ሼሁ ሶላቱን ያሰግዳሉ፤ አንቱም ከፊት ሰፍ፣ ከሰጋጆቹ መጀመሪያ ረድፍ ይቆማሉ።

እዚያ ሰፍ ላይ ሲቆሙ የሚሰማዎትን አውቀዋለሁ፤ እኔ እዚህ እየተሰማኝ ነው። በቀደም ወደብ ላይ ጆንያ የሚሸከም ሰው ከኋላው ሚስባህን መሰለኝ። ሥራዬን ጥዬ ሮጥኩ፣ ትከሻውን ይዤ አዞርኩት። የማላውቀው ሰው ነው፤ ተናዶ ገፈተረኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ማልቀስም አልቻልኩም፤ ሞቷል ብሎ ማልቀስ ለእኔ አይፈቀድልኝም፤ አላየሁማ።

አንቱም ከእንግዲህ በመናኸሪያው በኩል ሲያልፉ ዓይንዎ መኪናው ላይ ይቀራል። ሰው እንዳያይዎት ይጠንቀቁ። ስልክ ሲጮህ ቀስ ብለው ይነሱ። ለቶይባም ቢሆን አንድ ቃል እንዳይወጣዎት። ሁሉም ሚስባህን ቀብሮ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ከዛሬ ጀምሮ የምንጠብቀው እኔና አንቱ ብቻ ነን።

አሚር